ለዘንዶው ሙዚቃ የሠራው ጎረቤቴ

መክብብ መሞቱን የነገረችኝ እህቱ ናት። ስልኩን ሳነሳ አንዲት የማላውቃት ሴት «የመክብብ ጎረቤት ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነበርኩ አልኳት፤ የቀረውን ሳትነግረኝ ገባኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። መርዶ ይዞ የደወለ ሰው ከመናገሩ በፊት ምራቁን ዋጥ ያደርጋል። እሷም ዋጥ አደረገች። ስኳሩ በመጨረሻ ኩላሊቱን ይዞት እንደነበር፣ ቀብሩም ትናንት እዚያው አዳማ እንደተፈጸመ ነገረችኝ። የእኔን ቁጥር ያገኘችው ከእሱ ስልክ ውስጥ ነው፤ «እትዬ አልማዝ ግድግዳ» ብሎ መዝግቦኛል አለችኝ። ግድግዳ የአባቴ ስም አይደለም። ቢሆንም ለመክብብ ማን እንደነበርኩ ከዚህ አሳጥሮ መናገር አይቻልም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ አቃተኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። ከግድግዳው ወዲያ አሁን የሚኖረው ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ገብቶ ሲወጣ እንኳ ኮቴው አይሰማም። ጨዋ ጎረቤት እንደዚህ ሆድ ያስብሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ግድግዳችንን ያውቀዋል። ጎረቤት ሲያስነጥሰው ይማርህ የምንለው ከተቀመጥንበት ሳንነሳ ነው። መክብብን መጀመሪያ ያየሁት ተከራይቶ ሲገባ፣ ደረጃ ላይ ነበር። ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ አነስተኛ ፍሪጅ የሚያክል ጥቁር ድምፅ ማጉያ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በየፎቁ እያረፈ ይወጣል። ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ሽበት የገባበትን ፀጉሩን ከኋላው በላስቲክ አስሮታል። የፍሪጅ ሠራተኛ መስሎኝ የእኔንም እንዲያይልኝ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ሮክ እጫወታለሁ አይልም። «እኔ ሮክ ነኝ» ነው የሚለው፤ ሌላው ሰው ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ እንደሚል። በዚህ ከተማ ስንት ሰው እንደሱ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። የግቢው ልጆች «ሮኩ» አሉት፤ ቅር አላለውም። የግራ እጁ ጣቶች አርፈው አያውቁም፤ የደረጃው ብረት ላይ፣ የዳቦ ፌስታል ላይ፣ የገዛ ጭኑ ላይ ሲረግጡ ይውላሉ። ዳቦ ቤት ተሰልፈን አንድ ጊዜ ክንዴ ላይ ጀመረና ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ።

እንጀራው ግን ሰርግ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ያሉ አዳራሾች ውስጥ ሙሽሮች ሲገቡ የሚዘፈነውን፣ ኬክ ሲቆረስ የሚዘፈነውን፣ አማቶች ሲጨፍሩ የሚዘፈነውን ሁሉ ይመታል። ከጀማሪነቱ አንስቶ የሰው ዘፈን ሲያጅብ ነው የኖረው። አንዳንዴ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የመጨረሻዋን ድምፅ አልለቅም ብሎ ሲያስጮሃት የሙሽራዋ አጎቶች ዞር ብለው በዐይናቸው ይገላምጡታል። «እሷን አንዷን ብቻ ነው እትዬ፣ ለራሴ የምሰርቃት» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኩትም። የመጣ ሰሞን ያንን ድምፅ ማጉያ ሲከፍተው የቡፌዬ ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። ከእሱ ሥር ያሉት እማማ ዘሃራ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ። እማማ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው ተክለ ሃይማኖት በኩል ይነግዳሉ፤ ብሎካችን ውስጥ እሳቸው የማያዙት ነገር አልነበረም። ደረጃውን በምርኩዝ ወጥተው በሩን አንኳኩና፣ ልጄ፣ አገር ሰላም አይደለም ወይ፣ ምን ሆነህ ነው አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ጨርቅ አለበሰውና ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ መሥራት ጀመረ። ከቤቱ የሚመጣው የሽቦ ጠቅ ጠቅ ብቻ ሆነ።

መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩም ሄድፎኑም ስለሚሞቱበት የጊታሩን አናት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይጫወታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት ሲመቱት ለያዘው ሰው ብቻ ነው የሚሰማው፤ አናቱ ግድግዳ ሲነካ ግን ድምፁ በግድግዳው ይሄዳል። ይህን ያወቅኩት ሶፋዬ እዚያው ግድግዳ ላይ ስለተጠጋ ነው። ጀርባዬን ደገፍ ሳደርግ ሙዚቃው በጆሮዬ ሳይሆን በትከሻዬ ገባ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር የምጠላው ያ ጭለምለም ያለ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መብራት ሲጠፋ ሻዬን ይዤ ወደ ሶፋው መሮጥ ሆነ ሥራዬ።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሳገኘው፣ ትናንት ሁለተኛዋን ዜማ ለምን ነው ያቋረጥካት አልኩት። ቆመና አየኝ። ምኑን ሰሙት አለኝ። በግድግዳው ነዋ፣ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ሊያፍር ነው ብዬ ስጠብቅ እሱ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ መብራት በመጣ ቁጥር በሬን ቆርቆር አድርጎ «ግድግዳው ምን አለ?» ይለኛል። የመሰለኝን እነግረዋለሁ። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም፤ የማውቀው ድምፅ ነው። የተከፋ ድምፅ፣ የሚዋሽ ድምፅ፣ አልቅሶ ያበቃ ሰው ድምፅ፣ ይህን ለይቼ እናገራለሁ። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። እኔም ብቸኛ ነበርኩ፤ እሱም ብቸኛ ነበር፤ ስለዚህ ነገር ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ፊልሙን ያመጣው ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ሰርግ ላይ ቪዲዮ እየቀረፀ ሳለ ያችን የተሰረቀች የመጨረሻ ድምፅ ሰምቶ፣ ሙሽሮቹን ትቶ መክብብን ተከትሎ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወጣ። የራሱን ፊልም ሊሠራ ነበር፤ ያውም የተረት ዓለም ፊልም። ዝናብ የጠፋባት አገር አለች፤ ዝናቡን ዘንዶ ውጦት ከመሬት በታች ተኝቷል፤ አንዲት ልጅ በደረቀ ጉድጓድ ወርዳ ዘንዶውን ፍለጋ ትሄዳለች። ናትናኤል ለዚህ ዋሽንት አልፈልግም፣ ለዘንዶ የሚሆን ጩኸት ነው የምፈልገው አለው። መክብብ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የእኔን በር ነው ያንኳኳው።

ናትናኤል የፊልሙን ቁርጥራጭ ድምፅ ሳይኖረው ያመጣለታል፤ መክብብ እያየ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ ጠርቶ አሳየኝ። ዘንዶው ገና አልተሠራም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚስለው ሰው እስኪጨርስ ድረስ በዘንዶው ፋንታ የሚሮጠው ራሱ ናትናኤል ነው፤ ረጅም መጥረጊያ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልሎ ልጅቷን ያባርራታል። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። መክብብ አልሳቀም።

«እትዬ፣ አይሳቁበት፤ አውሬ እኮ ነው» አለኝ። ከዚያ ዐይኑን ከመጥረጊያው ላይ ሳያነሳ፣ ዘንዶው ክፉ እንዳልሆነ ያስረዳኝ ጀመር። ብቻውን ብዙ ስለቆየ ነው ዝናቡን የዋጠው አለኝ፤ አጠገቡ የሚሰማ ነገር እንዲኖረው ብሎ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሲዘንብ ያዳምጣል። ናትናኤል ይህን ሁሉ ጽፎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ሳይ መሳቅ ተውኩ።

ልጅቷ ወደ ዘንዶው በቀረበች ቁጥር የምትሰማ አንዲት ዜማ ሠርቶላት ነበር። ዝቅ ብላ ትጀምርና ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ትሞክራለች፤ ከዚያ ልታልቅ ስትል ትቆማለች። መጀመሪያ በግድግዳው ስሰማት የተበላሸ ነገር መስሎኝ ነበር። ግድግዳው ምን አለ ሲለኝ፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሊነሳ ሲል ይቋረጣል አልኩት። በደስታ ግንባሩን በእጁ መታ። በቃ እሱ ነው አለኝ። ዜማዋ በፊልሙ ውስጥ በሙሉ አታልቅም፤ ተመልካቹ ሳያውቀው መጨረሻዋ ያምረዋል፤ ልጅቷ ዘንዶው ፊት ቆማ ዘንዶው አፉን ሲከፍት፣ ዝናቡም ሲወርድ፣ ያን ጊዜ ብቻ ዜማዋ እስከ መጨረሻዋ ትሄዳለች።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን አልረሳውም። «በሕይወቴ ሙሉ የመታሁት የሰው ነው እትዬ። አንዲት የራሴ ነገር፣ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ የእኔ የሆነች፣ ትኑረኝ። ከዚያ ሰርግም ቢሆን እድሜ ልኬን እመታለሁ።»

ያቺን መጨረሻ በሄድፎን አልሠራትም አለ። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ፣ ክፍሉ ራሱ እየጮኸ፣ በአንድ ትንፋሽ መቀዳት አለባት። ለዚህም የአንዱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መረጠና ቤት ለቤት እየዞረ ፈቃድ ጠየቀ። ያን ጃኬቱን አስወልውሎ፣ እንደ ሽማግሌ እያንዳንዱ በር ላይ እጅ እየነሳ። ሰዉ ግራ ተጋባ። ሙዚቃ የሚከፍት ጎረቤት ሞልቶናል፤ ልከፍት ነው ብሎ የሚያስፈቅድ ግን አይተን አናውቅም። እማማ ዘሃራ ምንድን ነው የምትጮኸው ብለው ጠየቁት፤ እሱም የዝናቡን ነገር ከመጀመሪያው አንስቶ ተረከላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ለዝናብ ከሆነስ ጩህ፣ አንድ ቀን አይገድለኝም አሉት።

በዚያው በመረጠው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እማማ ዘሃራ ለሶላት ተነስተው ለውዱ ሲታጠቡ ወደቁና አረፉ።

ከቀትር በፊት ተቀበሩ። ከቀብር የተመለሰው ሰው የሚቀመጥበት ድንኳን ግቢው ውስጥ፣ ልክ በመክብብ መስኮት ሥር ነው የሚተከለው፤ ሌላ ቦታ የለንም። ብሎካችን ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል እስከ ሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን እንኳ ድምፁ አይከፈትም። የእድሩ ተረኞች ደግሞ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ይሸከማሉ፣ ለሐዘንተኛውና ለእንግዳው ውኃ ያቀርባሉ። ተከራይ እድር የለበትም፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም ይባላል። መክብብም አንድ ጊዜ ልመዝገብ ብሎ ጠይቆ እናያለን ተብሏል፤ ያየለት ግን አልነበረም።

የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ታደሰ ሰውን የሚያውቁት በቤት ቁጥሩ ነው። የመክብብ አከራይ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ አባሉ እሱ ነው፤ ተራውም የእሱ ቤት ሆኖ ተገኘ። አቶ ታደሰ ያን ጠዋት ደረጃው ሥር መክብብን ሲያዩት ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ አስታወሱና፣ ተረኛ አንተ ነህ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፣ ና ያዝ አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። መክብብ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት እጁ ያዘ።

ቅዳሜን በሙሉ ሲሸከም ዋለ። ፀጉሩን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ጃኬቱን አውልቆ፣ በሸሚዝ ብቻ። ከእማማ ዘሃራ የመጨረሻ ልጅ ከጀማል ጎን ተቀምጦ እጁን ይዞት አየሁ። በዚህ ብሎክ ከእሱ ጋር ሰላምታ ያልነበራቸው ሰዎች ሁሉ መክብብ፣ እዚህ ጋ፣ መክብብ፣ አንድ አግዳሚ ጨምር ይሉታል። እሱም አቤት እያለ ይሮጣል። ሰው በለቅሶ ቤት ይደሰታል ማለት ነውር ነው፤ ያየሁት ግን ያንኑ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ናትናኤል መጣ። ድንኳኑ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መክብብ ጄሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ ክንዱን ያዘው። ስቱዲዮ አስከፍቶለታል፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ መኪናውም ይኸው፣ አለው። ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ሰኞ ጠዋት ይረከባል፤ ከዚያ ካለፈ ተራቸው ለሌላ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካልቀዳኸው ከኮምፒውተር የሆነ ነገር ፈልጌ አስገባበታለሁ። ወድጄ እንዳልሆነ ታውቃለህ።»

«ተረኛ ነኝ» አለው መክብብ።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔም መክብብን ወደ ደረጃው ጥግ ጠራሁትና፣ አንተ አባል አይደለህም፣ አቶ ታደሰ ተሳስተው ነው፣ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁና ሂድ አልኩት። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«አይንገሩብኝ እትዬ» አለኝ።

ተሳስተው መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ና ያዝ ያለኝ ሰው የለም፣ አሁን ምሰሶውን ለቅቄ ብሄድ ደግሞ የሚለኝ አይኖርም አለኝ። ደግሞም እማማ ዘሃራ ለዚያች ጩኸት የፈቀዱልኝ በሕይወት ሆነው ነው፤ ሐዘናቸው ሳይወጣ ሌላ ሰፈር ሄጄ ብጮኻትም ያው ነው አለኝ። ተናደድኩበት። ዕድሜ ልክህን የለመንከውን ነገር ለአግዳሚ ትሰጣለህ ወይ አልኩት። ጄሪካኑን አንስቶ ሄደ። ናትናኤል መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ዛሬም ድረስ ሳስበው ትንሽ እናደዳለሁ፤ ትንሽ ደግሞ እቀናበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። አግዳሚዎቹን ዕቃ ቤት አስገብቶ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ሰማሁት፤ ደክሞታል። መብራት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያው ግን አልተከፈተም። ጥቂት ቆይቶ የጊታሩ አናት ግድግዳውን ሲነካ ተሰማኝ። ወደ ሶፋው ሄድኩና ጀርባዬን አስደገፍኩ። ዜማዋ ዝቅ ብላ ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ሞከረች፤ እንደ ልማዷ ትቆማለች ብዬ ትንፋሼን ስይዝ አልቆመችም። ሄደች። ጩኸት የለባትም፤ ለስላሳ ናት፤ ግድግዳውን አልፋ ስትመጣ በጭንቅ ነው የምትሰማው። ስትጨርስ ፊቴ በእንባ ርሶ ነበር። በሩን ቆርቁሮ ግድግዳው ምን አለ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ናትናኤል ሰኞ ጠዋት ፊልሙን አስረክቦ ነበር። መጨረሻው ላይ ከኮምፒውተር ያወረደውን የተዘጋጀ ሙዚቃ ነው ያስገባበት።

ፊልሙ ሲመረቅ መክብብ ይዞኝ ሄደ፤ ሌላ የሚጠራው ሰው አልነበረውም። ዘንዶው በመጨረሻ ተሠርቶ ሲታይ ያምራል፤ መጥረጊያነቱ ጨርሶ ጠፍቷል። የመክብብ ሙዚቃ አዳራሹን ሲሞላው ሰዉ ወንበሩን ሲጨብጥ አየሁ። ያቺ ዜማ በመጣች ቁጥር ግን እሱ ጨለማው ውስጥ አንገቱን ይደፋል። ዘንዶው አፉን ሲከፍት ከየትኛው አገር እንደመጣ የማይታወቅ ብዙ ቫዮሊን ጮኸ፣ ዝናብ ወረደ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። መክብብም አጨበጨበ። ወጥተን ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግራችን ስንመለስ «ዝናቡን አሳምረው ሠርተውታል» አለኝ።

ያቺን መጨረሻ ለምን አትቀዳትም እያልኩ ብዙ ጊዜ ጨቀጨቅኩት። ፊልሙ ወጥቶ የለም ወይ፣ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ይለኛል። ለእኔ እንኳ ድገምልኝ ስለው ሌላ ቀን፣ መብራት ሲጠፋ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሌላ ነገር ይጫወታል። እየቆየ ስኳሩ የግራ እጁን ጣቶች አደነዘዛቸው፤ ዳቦ ቤት ስንሰለፍ ፌስታሉ ላይ ዝም ብለው ሲያርፉ ሳይ ነው የባሰበት መሆኑን ያወቅኩት። ሰርጉም ቀረ። ሲብስበት እህቱ ከአዳማ መጥታ ወሰደችው። ያን ዕለት ጊታሩን የተሸከሙለት ጀማልና አቶ ታደሰ ናቸው። አቶ ታደሰ ስህተታቸውን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ አልተናገርኩበትም።

አዳማ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እህቱ የሺ ቁርጥ እሱን ናት፤ ከፀጉሩ በቀር። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ሰዉ ሳሳ ሲል አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና ስለ እሱ ጠየቀችኝ፤ እዚያ ምን ይሠራ ነበር፣ ሰው ነበረው ወይ፣ እያለች። ሰው ነበረው አልኳት። የድንኳኑን ነገር ነገርኳት። ሰማችኝና ሌላ ነገር አነሳች።

«ፊልሙን ስልኬ ላይ ብዙ ጊዜ አየሁት» አለችኝ። «የእሱን ሙዚቃ ለመስማት ብዬ ነው። አንዲት ዜማ አለች፣ ሁልጊዜ ልታልቅ ስትል ትቆማለች። ስጠይቀው ይስቅ ነበር እንጂ አይመልስልኝም። መጨረስ አቅቶት ነው?»

አልጨረሰም መባሉን ልቋቋመው አልቻልኩም። ጨርሷታል አልኳት፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ከእኔ በቀር የሰማት የለም።

«እስቲ እንዴት ነበረች?»

ለቅሶ ቤት ዜማ አይወጣም። ተነስታ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። የእኔ ድምፅ ሃሎ ከማለት በቀር ለምንም አይሆንም፤ እንደ ምንም በጉሮሮዬ እያንጎራጎርኩ ጀመርኳት። ዝቅ ብላ ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ሞከረች፤ የምትቆምበትን ቦታ አለፍኩት። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዐይኗን ጨፍናለች። አካሄዷን ተከትዬ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን አንድ ቦታ ጠፋኝ፤ ወደ ላይ ነበር የምትወጣው ወይስ ወደ ታች የምትወርደው? ያን ቀን በትከሻዬ የገባው ድምፅ አሁን አልመጣልኝ አለ። የሺ ጠበቀችኝ። ወደ ታች አወረድኳትና፣ እዚህ ላይ ነው የምታልቀው አልኳት።

«ያስተምሩኝ» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀምራ ከእኔ ጋር አንጎራጎረች፤ ድምፅዋ ከእኔ ይሻላል። አንድ ቦታ ስትሳሳት አረምኳት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እሷም እንደ እኔ ወደ ታች አወረደችው። ልክ ነው ወይ ብላ አየችኝ። ልክ ነው አልኳት፤ ከእንግዲህ የሚያርመን ሰው የለም።